የእሑዱ ጨዋታ ዘጠነኛ ዙር

"ተናገሪ" ብለው የያዙኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው፤ ናርዶስና ታናሽ ወንድሟ ኪሩቤል። እኔማ ይዤው ልሞት ነበር ሐሳቤ።

ባለፈው መጋቢት አትላንታ አጠገብ ሎረንስቪል፣ ልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ውጭ የጥድ ብናኝ ወርዶ መኪናውንም ደጃፉንም ቢጫ አልብሶታል። ልጆቹ አገር ከአገር የሚወዳደርበትን የቤዝቦል ጨዋታ በቴሌቪዥን ያያሉ። ጃፓን ከማን ጋር እንደነበር አሁን ጠፋኝ። እኔ ምስሬን እየለቀምኩ ነው ያልኩት እንጂ፣ ለካ እጄ የራሱን ሥራ ይዟል። አንድ ፖስታ ገልብጬ፣ በጀርባው ካሬ ካሬ አስምሬ፣ የጨዋታውን ምልክት እየጻፍኩ ነው።

ናርዶስ አየችኝ። "እማማ፣ ዌይት፣ ስኮር ኪፕ እያደረግሽ ነው እንዴ?" አለችኝ።

ኪሩቤል ሳቀ። "እማማ እኮ ስሟን ሳይን ለማድረግ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጅባት።"

እውነቱን ነው። ትምህርት ቤት ተቀምጬ አላውቅም። የአማርኛ ፊደልን እንኳ የለየሁት ልጄን ሰንበት ትምህርት ቤት ሳመላልስ፣ ከሕፃናቱ ኋላ ተቀምጬ ነው። ከፊደሉ በፊት ግን ይሄን ጽሕፈት አውቄ ነበር። ማን አስተማረሽ፣ መቼ፣ የት፣ ብለው ሲነዘንዙኝ ወደ ክፍሌ ገብቼ ከሻንጣዬ ሥር በነጠላ የጠቀለልኩትን አረንጓዴ ደብተር አወጣሁላቸው። ከነጠላው ከፈታሁት ስንት ዘመኑ።

አትላንታ ኦሎምፒክ በመጣበት ዓመት ጸደይ ላይ ነው ከሚስተር ዋልተር ቤት ሥራ የገባሁት። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የእነዚህ ልጆች እናት ሰላም ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ሱዳን ቀርቷል። ዶራቪል፣ ባቡሩ የሚያልቅበት አጠገብ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። ከጎናችን እትዬ እልፍነሽ የሚባሉ ባልቴት አሉ፤ ሰላምን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ሥራውን ያገኙልኝ ደግሞ አቶ ተፈራ ናቸው፣ ታክሲ ነጂው። አንዲት ሊንዳ የምትባል ሴት አሳፍረው ሲሄዱ አባቴን የሚያይልኝ ሰው አጣሁ ብላ ስታማርር ሰምተው፣ አንዲት ልጅ አለችኝ አሏት። እንግሊዝኛዋስ ብትላቸው፣ "እጇ ጥሩ ነው" አሉላት።

ቤቱ ኖርክሮስ ነው፣ ከሐዲዱ ወዲያ። በረንዳ ያለው የእንጨት ቤት፣ ፊቱ ቀይ አፈር፣ ጓሮው አጥሩን ውጦ ዛፉ ላይ የወጣ ሐረግ። ሚስተር ዋልተር ያን ጊዜ ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። እጅ የሚያንቀጠቅጠው በሽታ ይዟቸው በጋሪ ወንበር ነበር የሚሄዱት፤ ዓይናቸውም ደክሟል። የማጥባቸው፣ የማጎርሳቸው፣ የማለብሳቸው እኔ ነኝ። ሊንዳ ከሥራ ስትመለስ እዚያው ታድራለች፣ እኔ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ባሚያ ስቀቅል እኛ ሱዳን ይህንን እንበላ ነበር ለማለት ቋንቋው ስላነሰኝ ሆዴን እያሻሸሁ አሳየኋቸው፤ እሳቸውም ሆዳቸውን እያሻሹ መለሱልኝ። መጀመሪያ የተግባባነው በባሚያ ነው።

ከዚያ ቤዝቦሉ መጣ። ሚስተር ዋልተር ከልጅነታቸው ጀምሮ በሬዲዮ የሰሙትን ጨዋታ ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፉ ኖሯል። ግድግዳው ሙሉ ደብተር ነው። ያለፈው ዓመት የአትላንታው ቡድናችን አንድ ለዜሮ አሸንፎ ዋንጫ የወሰደበትን ጨዋታ በገዛ እጃቸው ጽፈውታል። መስመሩ ግን ጉንዳን ቀለም ውስጥ ገብታ የሄደችበት ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ እርሳስ አልያዙም። ገጹን እያሳዩኝ እጃቸውን አዩ፣ ከዚያ የእኔን እጅ አዩ። እንዲህ ነው የእሳቸው እጅ የሆንኩት።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አራት ማረፊያ አለ፣ ቤዝ ይሉታል። ኳሷን የመታ ሰው በአንደኛው፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ዞሮ ከተነሳበት ቤት መመለስ አለበት። ዘጠኝ ዙር ይጫወታሉ። ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ መቺ አንድ ካሬ አለ፤ በካሬው ውስጥ አራት ጎን ያላት ትንሽ ምልክት አለች። ሰውየው አንድ ቤዝ በሄደ ቁጥር አንድ ጎን ትደምቃለች። ዞሮ ቤቱ ከገባ ምልክቷን ሞልተሽ ታጠቁሪያታለሽ። ሬዲዮው ላይ ሰውየው የሚንጣጣውን እንግሊዝኛ እኔ አንድ ቃል አልሰማም። ሚስተር ዋልተር ይሰሙና ቁጥሩን ብቻ ይነግሩኛል፤ "ዘጠኝ፣ አንደኛ ቤዝ" ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

ቁጥር የተማርኩትም ከእሳቸው ነው፣ ከአንድ ፎቶ። እሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው ሬይ ወጣት ሳሉ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ይጫወቱ ነበር። ፎቶው ላይ ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደኋላ አዙረው ይስቃሉ። ሚስተር ዋልተር ጀርባቸው ላይ ዘጠኝ፣ ሬይ አሥራ አራት። በየጠዋቱ አቧራውን ስጠርግ እያስጠሩኝ ለመድኩት። የእኔን ሰባት ቁጥር ሲያዩ "ይቺ ዳክዬ ከየት መጣች?" ይሉኝ ነበር። እውነትም ዳክዬ ትመስል ነበር።

ሬይ የሚኖረው አላባማ ነው። እሱም እዚያ ሆኖ ያንኑ ጨዋታ በራሱ ደብተር ይጽፋል። እሑድ እሑድ ጨዋታው እንዳለቀ ስልክ ይደውላል፣ ደብተር ለደብተር ያመሳክራሉ። አንዱ "ያ መቺው በራሱ ጉብዝና ነው የደረሰው" ይላል፣ ሌላው "ኳሷ ስላመለጠቻቸው ነው" ይላል፤ ይጨቃጨቃሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይስቃሉ። ለሚስተር ዋልተር ስልኩን ጆሯቸው ላይ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የሬይ ሳቅ እጄ ውስጥ ይሰማኛል። መልኩን ከፎቶ በቀር አላየሁም፤ ሳቁን ግን ዛሬም መንገድ ላይ ብሰማው አውቀዋለሁ። አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው። ጨዋታ ሳያልቅ ስልክ አይደወልም። "ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ዘጠነኛው ዙር እስኪያልቅ ይቃጠል" ይሉ ነበር ሚስተር ዋልተር። የሬይም ሚስት ይህን ታውቃለች፣ ሊንዳም ታውቃለች።

በኦሎምፒኩ ኩባና ጃፓን የመጨረሻውን ጨዋታ የተጫወቱ ቀን ትዝ ይለኛል። ኳሷ እየደጋገመች ከሜዳ እየወጣች፣ መቺዎቹ ዞረው ቤት እየገቡ፣ እኔ ምልክቱን በላይ በላዩ ሳጠቁር ጣቶቼ እርሳስ መሰሉ። ያን ቀን ሬይ ሲደውል ሚስተር ዋልተር የእኔን ደብተር አወደሱለት መሰለኝ፤ ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ። "ታደለች" ማለት አቅቷቸው "ታዲ" ነበር የሚሉኝ። በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ያ ገጽ ነው፤ ራሴ የጻፍኩት።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ስዞር የቆየሁት ስላልወደድኩት ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ ሐምሌ መጨረሻ፣ እሑድ ነበር። ቅዳሴ አስቀድሼ አቶ ተፈራ በታክሲያቸው አደረሱኝ። ሙቀቱ ልብስ ሰውነት ላይ ይለጥፋል፤ ዛፉ ላይ የሚጮሁት ነፍሳት ጆሮ ያደነቁራሉ። በጨው የተቀቀለ ኦቾሎኒ በሳህን አቅርቤ እየፈለፈልኩ አጎርሳቸዋለሁ። ቡድናችን ወደ ሩቅ ከተማ ሄዶ ነው የሚጫወተው። ስድስተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል የኩሽናው ስልክ ጮኸ።

ሚስተር ዋልተር ቀና አሉ። እኔ ሄጄ አነሳሁት። የሬይ ሚስት ናት። ታለቅሳለች። ከተናገረችው ሁሉ ሦስት ነገር ያዝኩ፦ ሬይ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ሞተ። ለዋልተር ንገሪው አለችኝ። "የስ ማም" አልኩና ስልኩን ዘጋሁ።

እዚያ ኩሽና ውስጥ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። የታየኝ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። የውኃ ሰልፍ ላይ ነበርኩ፣ ጀሪካን ተሸክሜ። አንዲት የማላውቃት ሴት ከኋላዬ "እናትሽ ሞታለች አሉ እኮ፣ አልሰማሽም እንዴ?" አለችኝ። ጀሪካኑን እንኳ እስካስቀምጥ አልጠበቀችም። የሚይዘኝ ሰው የለ፣ የሚያስቀምጠኝ የለ፤ ተራዬን እንዳላጣ በሰልፉ ውስጥ ቆሜ እያለቀስኩ ውኃ ቀዳሁ። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ገና ሳይነጋ ደጅ ይንኳኳል። ሰውየው ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ ከጎኑ ይኖራል። ያን ቀን በሰልፉ ላይ፣ እኔ በሰው ላይ ይሄን አላደርግም ብዬ ነበር።

እና እንዴት ብዬ ልንገራቸው? በሽተኛ ሽማግሌ፣ ብቻቸውን፣ አፋቸው ውስጥ ኦቾሎኒ እያለ፣ በኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ?

ተመለስኩ። "ማነው?" አሉኝ።

"ሮንግ ነምበር" አልኳቸው።

ፊቴን አዩት። ዓይናቸው ደካማ ነው ብያለሁ፤ ግን ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ አንገታቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ጻፊ፣ ታዲ" አሉኝ።

ጻፍኩ። ሰባተኛው ዙር፣ ስምንተኛው ዙር። የሬዲዮው ሰውዬ ዝግ ብሎ ያወራ ነበር፣ የሕዝቡም ጩኸት አይሰማም፣ በመሐል ሙዚቃ ይገባል። ልቤ ደንቁሮ ነው አልኩ። እሳቸው ቁጥር ይነግሩኛል፣ እጄ ይጽፋል፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ነገ ማንን ይዤ እንደምመጣ ነበር የማሰላስለው።

ዘጠነኛው ላይ "አሥራ አራት" አሉ። "አንደኛ ቤዝ።" ጎኗን አደመቅኩ። "ሁለተኛ።" ድምፃቸው ቀጠነ። "ሦስተኛ።" የተኙ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። "ቤት ገባ" አሉ። "አጥቁሪው።"

አጠቆርኩት።

"በደንብ አጥቁሪው፣ ታዲ።"

ወረቀቱ እስኪቀደድ አጠቆርኩት። ገና የተቃራኒው ቡድን ተራ ይቀር ነበር፤ እሳቸው ግን ሬዲዮውን እንዳጠፋው በእጃቸው አመለከቱኝ። "ዛሬ ስልኩን አንጠብቅም፣ ደክሞኛል" አሉ። እኔ ሞኝ፣ ስልኩን እንዳይጠብቁ ያደረጋቸውን እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። አስተኛኋቸው። ሊንዳ ሳይጨልም መጣች፤ ለእሷም ምንም አልተነፈስኩም፤ እሷም መርዶ የሚነገራት ናትና።

ዶራቪል ስደርስ እትዬ እልፍነሽ ዘንድ ገባሁ። አቶ ተፈራም ተጠሩ። እትዬ እልፍነሽ ጥቂት አሰቡና "ደግ አደረግሽ፤ ሳይነጋ እንሂድ" አሉ። አቶ ተፈራ ግን አገጫቸውን እያሻሹ ቆዩ። "እነሱ ዘንድ በስልክ ነው እኮ የሚነጋገሩት" አሉ።

"ሰው ሲወድቅ ስልክ ይይዘዋል?" አሏቸው እትዬ እልፍነሽ።

ሊነጋጋ ሲል አምስት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ እትዬ እልፍነሽ፣ አቶ ተፈራ፣ አብረውኝ የሚኖሩት ሁለቱ ሴቶች። ነጠላችንን አዘቅዝቀናል። ጤዛው እግራችንን አራሰው። አቶ ተፈራ በሩን አንኳኩ። ሊንዳ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ከፈተችና አምስት ጥቁር ሰው ነጭ ለብሶ ደጇ ቆሞ ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አቶ ተፈራ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሌሊቱን ሲለማመዱት ያደሩትን እንግሊዝኛ ተናገሩ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ነው ያሏት፣ ወንድም ማለት ምን እንደሆነ እኛም እናውቃለን ነው ያሏት። ሊንዳ ወንድም የምትለዋን ቃል ስትሰማ የቀረውን አልሰማችም። እኔን ብቻ ነው የምታየው።

"መቼ ሰማሽ?" አለችኝ።

"ትናንት። በጨዋታው ጊዜ።"

"እያወቅሽ ከአባቴ ጋር ተቀምጠሽ ኳስ ጻፍሽ?"

አንገቴን ደፋሁ። ሚስተር ዋልተር ከኋላዋ በጋሪ ወንበራቸው ሆነው መጡ። እትዬ እልፍነሽ ሲያዩዋቸው ደረታቸውን ቀስ እያሉ እየመቱ፣ ወንድሜን፣ ወንድሜን እያሉ ማልቀስ ጀመሩ፤ አይተዋቸው ለማያውቁት ሬይ። ሚስተር ዋልተር ፊታቸው ተፈታና አለቀሱ። እንደ ልጅ አለቀሱ። እጃቸውን ልይዝ ስጠጋ ሊንዳ በመሐላችን ገባች። ቁልፉን መልሺልኝ፣ ከእንግዲህ አትምጪ አለችኝ። እሳቸው ከወንበራቸው ሆነው "ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ጽፋልኛለች" አሏት። ይህ እሷን ይበልጥ አናደዳት። እኔም የሚከሱኝ መሰለኝ።

ሌላ ሥራ እስካገኝ መከራዬን አየሁ፤ ግን እሱ አይደለም የቆጨኝ። የሰው ወንድም ሞቶ ሳለ ሽማግሌውን ኦቾሎኒ እያጎረስኩ አጫወትኳቸው። አታለልኳቸው። በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ አለፈና አንድ ቅዳሜ ሊንዳ ደጃችን መጣች። አባቷ ማረፋቸውን ነገረችኝ። አረንጓዴውን ደብተር ሰጠችኝ፤ ለታዲ ስጪልኝ ብለው ነበር አለች። ግቢ ብላት አልገባችም። ያቺን የእሑድ ገጽ ላለማየት ደብተሩን በነጠላ ጠቅልዬ ከሻንጣ ሥር ከተትኩት። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ተኛ።

ይኸው ነበር ታሪኩ። ለልጆቹ ነግሬ ስጨርስ ኪሩቤል ሶፋው ላይ ተኝቶ ነበር። ናርዶስ ግን ደብተሩን ወስዳ፣ ከገጹ ላይ ቀኑን አይታ፣ በኮምፒውተሯ ስትፈልግ ቆየች። እነዚህ ልጆች የማያገኙት ነገር የለም፤ የዱሮው ጨዋታ ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል አሉ። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እማማ፣ ያ ጌም እኮ አላለቀም። ስድስተኛው ላይ ዝናብ መጣና በዚያው ስቶፕ አደረጉት።"

"ኧረ እኔ ጽፌዋለሁ" አልኳት።

"ጽፈሻል። ግን ማንም አልተጫወተውም። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ኖባዲ።" ጣቷን ያቺ የተቀደደች ጥቁር ምልክት ላይ አሳረፈች። "ደግሞ ያን ቀን አሥራ አራት ቁጥር የለበሰ ሰው አልነበረም።"

ምስሩን አስቀመጥኩ። ስልኩ በጨዋታ መሐል በጮኸበት ቅጽበት ሚስተር ዋልተር አውቀው ነበር ለካ። በየጠዋቱ አቧራውን የጠረግኩለት፣ ጀርባው ላይ አሥራ አራት የተጻፈበት ልጅ ነበር፣ ያን እሑድ በእኔ እጅ ሦስቱን ቤዝ ዞሮ ቤቱ የገባው።